በሚዛን መቁጠር፦ የኬሚስትሪ ስሌት ከዩሪያ ከረጢት እስከ ከሰል ማንደጃ



የዩሪያ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ 46 የሚል ቁጥር ታትሞ ይገኛል። አርሶ አደሩ ያውቀዋል፤ የግብርና ባለሙያውም ያውቀዋል። ከመቶ ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46ቱ ኪሎ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ እዚሁ ቁጭ ብለን፣ ያለ ላቦራቶሪና ያለ ኮምፒውተር፣ እናወጣዋለን። ከዚያ ቁጥሩን ተከትለን ወደ አሲዳማ አፈርና ወደ ኖራ እንሄዳለን፤ በመጨረሻም ከቤታችን ከሰል ማንደጃ እንደርሳለን። የምንሄድበት መንገድ በሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስቶይኪዮሜትሪ ሲባል ደብተራቸውን የሚዘጉበት ትምህርት ነው።

ይህን ፍርሃት በክፍል ውስጥ ለዓመታት አይቼዋለሁ፤ እጅግም ያሳዝነኛል። ሱቅ ተልኮ የመልሱን ሳንቲም የማይስት ልጅ፣ ማባዛትና ማካፈል እንደ ውሃ የሚፈስለት ልጅ፣ “ይህን ያህል ግራም ከዚህ ቢኖር ስንት ግራም ከዚያ ይገኛል?” ሲባል ዝም ይላል። የሚሸነፈው በሒሳቡ አይደለም። ሰሌዳው ላይ ያለው እኩልታ፣ ተማሪዎች ኢኩዌሽን የሚሉት፣ ምን እየቆጠረ እንደሆነ ማንም ስላልነገረው ነው። እኔ ዛሬ የምላችሁ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ እኩልታ የሚቆጥረው ፍሬ ነው፤ ሚዛናችን የሚያውቀው ክብደት ነው፤ ትምህርቱ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መመላለስ ነው። ይህ የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል።

ወደ ዩሪያው እንመለስ። አቶሞች እንደየዓይነታቸው ክብደታቸው ይለያያል። አንዱ አቶም በግራም ሊጠራ የማይችል ኢምንት ስለሆነ እርስ በርስ እናነጻጽራቸዋለን። ከሁሉ ቀላል የሆነውን ሃይድሮጅንን 1 ብንለው ካርቦን 12፣ ናይትሮጅን 14፣ ኦክስጅን 16፣ ካልሲየም 40 ይሆናሉ። ሽርፍራፊ አላቸው፤ ለዛሬው ሥራችን ግን ድፍን ቁጥሩ ይበቃል። አንድ የዩሪያ ሞለኪውል አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ይዟል። ስንደምር 12 እና 16፣ ሁለቱ ናይትሮጅን 28፣ አራቱ ሃይድሮጅን 4፤ ጠቅላላው 60 ነው። ከ60ው ውስጥ 28ቱ ናይትሮጅን ነው። 28ን ለ60 ስናካፍል ከመቶ 46.7 ይወጣል። ከረጢቱ 46 የሚለው ከፋብሪካ የሚወጣው ዩሪያ ጥቂት እርጥበትና ሌላም ነገር ስለማያጣው ነው። እንግዲህ የ50 ኪሎው ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ቀሪው 27 ኪሎ ካርቦንና ኦክስጅን ሃይድሮጅንም ነው፤ ናይትሮጅኑን ተሸክሞ ይመጣል እንጂ ሰብሉ የሚፈልገው እሱን ብሎ አይደለም። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ላይ የናይትሮጅኑ ቁጥር 18 ነው፤ ፎስፎረስ ስላለው ሌላ ጥቅም አለው። ሁለቱን በኩንታል ዋጋ ብቻ የሚያወዳድር ሰው ግን የሚገዛውን ነገር ገና አላየውም።

እስካሁን ያደረግነው አንዱን ሞለኪውል መመርመር ነው። ነገሩ የሚከብደው ሁለት ነገሮች ተገናኝተው ሦስተኛ ሲወጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ አናጺ ልጥራላችሁ።

አናጺው በር ሊገጥም ነው። ለአንድ ማጠፊያ ስድስት ብሎን ይፈልጋል። ባለሱቁ ሁለቱንም በኪሎ ነው የሚሸጥለት። አንዱ ማጠፊያ 100 ግራም፣ አንዱ ብሎን 5 ግራም ይመዝናል እንበል። ሁለት ኪሎ ማጠፊያ ከገዛ ስንት ኪሎ ብሎን ይግዛ? “ለአንድ ስድስት ነውና 12 ኪሎ” የሚል ሰው ገንዘቡን ጣለ። ሁለት ኪሎ ማጠፊያ 20 ማጠፊያ ነው፤ 20 ማጠፊያ 120 ብሎን ይፈልጋል፤ 120 ብሎን ደግሞ 600 ግራም ይመዝናል። አንድ ለስድስት የተባለው ፍሬውን እንጂ ኪሎውን አይደለም። አናጺው ከክብደት ወደ ፍሬ ወረደ፣ ፍሬውን በፍሬ አሰላ፣ ከዚያ ወደ ክብደት ተመለሰ። ከግራም ወደ ግራም በቀጥታ የሚዘል መንገድ የለም።

አሁን የተማሪውን ስህተት እንየው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቃጥለው ውሃ ሲሆኑ እኩልታው ሁለት ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ሁለት ውሃ ይሰጣል ይላል። ተማሪው “ሁለት ግራም ሃይድሮጅን ከአንድ ግራም ኦክስጅን ጋር” ብሎ ይጽፋል። ብሎኑን 12 ኪሎ የገዛው ሰው ያደረገውን ነው ያደረገው። የሃይድሮጅን ሞለኪውል ሁለት አቶም ስለሆነ 2 ይመዝናል፤ የኦክስጅኑም እንዲሁ ሁለት አቶም ስለሆነ 32። ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውል 4፣ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል 32 ነው። ስለዚህ 4 ግራም ሃይድሮጅን 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚወጣውም 36 ግራም ውሃ ነው። በፍሬ ሲቆጠር ሃይድሮጅኑ የኦክስጅኑ እጥፍ ነው፤ በክብደት ግን ስምንተኛው ብቻ ነው።

አናጺው ማጠፊያውን በእጁ ሊቆጥር ይችላል፤ እኛ ግን አቶም አንቆጥርም። ለዚህ ነው ሞል የሚባለው መለኪያ የመጣው። አንድ ሞል 6.022 × 10²³ ፍሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥሩ በትክክል 6.02214076 × 10²³ ሆኖ ጸንቷል። ይህ ቁጥር የተመረጠበት ምክንያት ለእኛ ታላቅ ውለታ ነው፦ የአቶሙን ክብደት ቁጥር ወስደን ከጎኑ “ግራም” ብንጽፍ አንድ ሞል እናገኛለን። 12 ግራም ካርቦን አንድ ሞል ነው። 32 ግራም የኦክስጅን ሞለኪውል አንድ ሞል ነው። 60 ግራም ዩሪያም አንድ ሞል ነው። ሦስቱም ሚዛን ላይ የተለያየ ይመዝናሉ፤ ፍሬያቸው ግን እኩል ነው። በእኔ እምነት ብዙ መምህራን የምናጠፋው ጥፋት ያንን ባለ ሃያ አራት አሃዝ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ መስቀላችን ነው። ልጁ ይደነግጣል። ቁጥሩን መያዝ መልካም ነው፤ ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አናባዛበትም፤ አያስፈልገንምና።

ይህ አካሄድ ከየት እንደጀመረ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1789 መሠረታዊ የኬሚስትሪ መጽሐፉን ያሳተመው ፈረንሳዊው አንቷን ላቮዚዬ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዛን ሰው ነበር። ለንጉሡ ግብር የሚሰበስበው ማኅበር አባል ስለነበር ገቢና ወጪ ማስታረቅ ልማዱ ነው። በላቦራቶሪውም እንዲሁ አደረገ፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የገባው ሁሉ ክብደት ከወጣው ሁሉ ክብደት ጋር እኩል መሆኑን ደጋግሞ አሳየ። ያ ግብር ሰብሳቢነቱ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አንገቱን አስቀላው፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1794 ፓሪስ ውስጥ ተገደለ። በዚያው ጊዜ በፕሩሲያ የረሚያስ ቤንያሚን ሪክተር የሚባል ኬሚስት ነበር። በ1789 ኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፉ ሒሳብ ለኬሚስትሪ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነበር። በ1792 ማሳተም በጀመረው ሥራው ደግሞ የዚህን የስሌት ትምህርት ስም ያወጣ እሱ ነው። ሪክተርን ያስጨነቀው ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም፦ ይህን ያህል አሲድ ለማምከን ከዚህኛው ወይም ከዚያኛው አልካሊ ስንት ያስፈልጋል? ዛሬ በጎጃም፣ በወለጋና በጅማ አፈሩ አሲድ የሆነበት አርሶ አደር የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ራሱ ነው።

እንግዲህ እንሥራው። ዝናብ የሚበዛባቸው ደጋማ ቦታዎች አፈራቸው አሲዳማ የሚሆንበት ትልቁ ምክንያት ውሃው ካልሲየሙንና መሰሎቹን አጥቦ ስለሚወስድ ነው። ዩሪያም የራሱን ይጨምራል። አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ዩሪያውን ሰብል ወደሚስበው ናይትሬት ይለውጡታል። እኩልታው በቃል ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

1 ዩሪያ + 4 ኦክስጅን → 2 ናይትሬት + 2 የአሲድ ሃይድሮጅን + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 1 ውሃ

አፈሩ ላይ የሚበተነው ኖራ በበኩሉ አሲዱን እንዲህ ያመክናል፦

1 ካልሲየም ካርቦኔት + 2 የአሲድ ሃይድሮጅን → 1 ካልሲየም + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 1 ውሃ

ሁለቱን እኩልታዎች አጠጋግታችሁ እዩአቸው። አንድ ዩሪያ ሁለት የአሲድ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ አንድ ካልሲየም ካርቦኔት ሁለቱን ያጠፋል። ስለዚህ በፍሬ ሲታይ አንድ ለአንድ ነው። በክብደትስ? ካልሲየም ካርቦኔት፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው፣ አንድ ካልሲየም፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ኦክስጅን አለው፤ 40፣ 12 እና 48 ድምሩ 100። ዩሪያው 60 ነበር። አንድ ኩንታል ዩሪያ 100,000 ግራም ነው። ለ60 ስናካፍለው 1,667 ሞል ይሆናል። አንድ ለአንድ ስለሆነ የኖራ ድንጋዩም 1,667 ሞል ነው። ያንን በ100 ስናባዛ 166,700 ግራም፣ ማለትም 167 ኪሎ ገደማ እናገኛለን። አናጺው በሄደበት መንገድ ሄደን ተመለስን።

እዚህ ላይ ግን የስሌቱን ልክ ማወቅ ግድ ነው። 167 ኪሎ ጣሪያው ነው፤ ዩሪያው በሙሉ ወደ ናይትሬት ተለውጦ፣ ናይትሬቱም በሙሉ ታጥቦ ቢሄድ የሚሆነውን ነው የሚነግረን። ሰብሉ ናይትሬቱን በሥሩ ሲስብ አሲዱን የሚያለዝብ ነገር ለአፈሩ መልሶ ይለቃል፤ ስለዚህ እርሻው ላይ የሚያስፈልገው ከዚህ ያንሳል። ዩሪያ አትጠቀሙ ለማለትም ፈጽሞ አይደለም፤ ሰብሉ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ስቶይኪዮሜትሪ ከዚህ በላይ ሊሆን አይችልም ብሎ ድንበሩን ያሰምርልናል፤ ከድንበሩ ወዲህ ትክክለኛው የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግረን የአፈር ምርመራ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተኩም።

የኖራው ነገር ገና አላለቀም፤ እንዲያውም ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝ የስሌቱ ክፍል ገና እዚህ ጋ ይመጣል። የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ አለቅጥ ሲግል ለሁለት ይከፈላል፦

1 ካልሲየም ካርቦኔት → 1 ካልሲየም ኦክሳይድ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ካልሲየም ኦክሳይዱ፣ ያ የተቃጠለው ኖራ፣ 40 እና 16፣ ድምሩ 56 ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 12 እና 32፣ ድምሩ 44። 56 እና 44 ሲደመሩ 100። የላቮዚዬ ሒሳብ ታርቋል። መቶ ኩንታል ድንጋይ ያስገባ ሰው 56 ኩንታል ኖራ ያወጣል፤ 44ቱ ኩንታል በጭስ ማውጫው ሄዷል። ሌባ አልወሰደውም፤ እቶኑም አልተበላሸም።

አሁን ልብ በሉ፦ አሲድ የሚያመክነው ፍሬው ነው። አንድ ፍሬ ካልሲየም ኦክሳይድም ልክ እንደ አንድ ፍሬ ካልሲየም ካርቦኔት ሁለት የአሲድ ሃይድሮጅን ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ የ100 ኪሎ ጥሬ ድንጋይን ሥራ ይሠራል። ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል የተፈጨ ድንጋይ ታዘዘ እንበል። በተቃጠለው ኖራ ከሆነ 16.8 ኩንታል ይበቃል። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ጠጥቶ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ በኋላ ደግሞ ክብደቱ 74 ስለሚሆን 22.2 ኩንታል ይፈልጋል። ሦስቱም ለአፈሩ አንድ ናቸው፤ ለመኪናው ግን አይደሉም። ኖራው ከሩቅ የሚጫን ከሆነ 13 ኩንታል መቆጠብ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ማቃጠል ነዳጅ ይፈልጋል፤ የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይግላል፣ ዓይንና ቆዳ ይለበልባል፤ በእጅ ለሚበትነው ገበሬ አደገኛ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለውን ውሳኔ ኬሚስትሪ ብቻውን አይወስነውም። ውይይቱ ግን በግምት እንዳይሆን ያደርገዋል።

ድንጋዩ ንጹሕ ካልሆነስ? ከመቶው 85ቱ ብቻ ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ፣ 30 ኩንታሉን ለ0.85 አካፍሉ፤ 35 ኩንታል ከ30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፈተና ላይ “የንጽሕና መጠን” እየተባለ ለብቻው የሚፈራው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ስለ ሲሚንቶም አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። በሙገር፣ በድሬዳዋና በደርባ ያሉት ፋብሪካዎች የሚያቃጥሉት ይህንኑ የኖራ ድንጋይ ነው። አንድ ቶን ካልሲየም ኦክሳይድ በተሠራ ቁጥር 786 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ውስጥ ይወጣል፤ 44ን ለ56 ማካፈል ነው። ለእቶኑ የሚነደው ነዳጅ የሚያወጣው ከዚህ ውጭ ነው። ፋብሪካው በፀሐይ ኃይል ቢሠራ እንኳ ድንጋዩ የያዘውን መልቀቁ አይቀርም። የሲሚንቶን ጭስ መቀነስ ለምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደሆነ ከሦስት ቁጥሮች ማየት ይቻላል።

ትምህርቱን ለሚማሩት ወይም ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑት ጥቂት ልናገር። ተማሪ ደብተር ላይ የማየው ትልቁ ችግር ባለቤት አልባ ቁጥር ነው። “100” ተብሎ ይጻፋል፤ ከፍ ሲል “100 ግራም” ይባላል። የምን 100 ግራም? የድንጋዩ? የጋዙ? በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውንም የነገሩንም ስም የሚጽፍ ልጅ፣ “1,667 ሞል ዩሪያ”፣ “1,667 ሞል ካልሲየም ካርቦኔት” እያለ የሚጽፍ፣ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ በአንድ ጊዜ ከግራም ዩሪያ ወደ ግራም ኖራ ሊዘል ሲል ስሞቹ አይገጥሙለትምና። ሁለተኛው ነገር ቋንቋው ነው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ኬሚስትሪ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ጥያቄውን ካነበበ በኋላ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለጓደኛው ይንገረው፦ ምን ተሰጠኝ፣ ምን ተጠየቅሁ፣ አንዱ ለስንት ነው? መናገር ካልቻለ ጥያቄው ገና አልገባውም፤ ያልገባውን ጥያቄ ደግሞ በቀመር ማሳደድ ጊዜ ማጥፋት ነው። ከካልኩሌተሩም በፊት ግምት ይቅደም። ዩሪያ 60፣ ኖራ 100 ከሆነ፣ አንድ ለአንድ ሲሆን የኖራው ኪሎ መብለጥ አለበት። መልሱ 60 ኪሎ ከመጣ አንድ ቦታ ተገልብጧል ማለት ነው።

እስካሁን በሠራነው ሁሉ አንደኛው ነገር እንደልብ እንዳለ ቆጥረን ነበር። ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። አናጺው 20 ማጠፊያ ይዞ 60 ብሎን ብቻ ቢኖረው የሚገጥመው አሥሩን ማጠፊያ ነው፤ የቀረው አሥር ተራፊ ነው። ሥራውን የወሰነው ብሎኑ ነው። በኬሚስትሪም ቀድሞ የሚያልቀው ነገር የሌላውን ዕጣ ይወስናል። የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ለማወቅ ኪሎ ማወዳደር አይጠቅምም፤ እያንዳንዱን ወደ ሞል ቀይሮ እኩልታው ከሚጠይቀው ጋር ማስተያየት ነው። ይህ ነገር ከፈተና ወረቀት አልፎ የሰው ሕይወት የሚነካበትን ቦታ ላሳያችሁ።

ከሰል ኦክስጅን በበቂ ሲያገኝ አንድ ካርቦን ከአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ኦክስጅን ሲያንሰው ግን ሁለት ካርቦን አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይካፈላሉ፤ የሚወጣውም ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በክረምት ለሙቀት ብለው ማንደጃ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ወሬ በየዓመቱ የምንሰማው በዚህ የተነሳ ነው።

ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል ውሰዱ። 22.5 ሜትር ኩብ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል አንዱ ሜትር ኩብ 31 ሞል ገደማ አየር ይይዛል። ክፍሉ በጠቅላላው 700 ሞል ያህል አየር አለው ማለት ነው። ከመቶው 21ዱ ኦክስጅን ስለሆነ ኦክስጅኑ 147 ሞል ነው። ከሰል አመድና ሌላም ነገር አለው፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ካርቦን 1.2 ኪሎ የሆነ ከሰል አነደድን እንበል። 1,200 ግራም ለ12 ሲካፈል 100 ሞል ካርቦን። በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢነድ እንኳ 100 ሞል ኦክስጅን ይበላል። በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ቢዘጋ ከክፍሉ ኦክስጅን ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ሄደ ማለት ነው።

አደጋው ግን ኦክስጅኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ማንደጃው ውስጥ ከታች የገባው አየር ኦክስጅኑን የመጀመሪያዎቹ ፍሞች ላይ ይጨርሳል። የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ባለው ቀይ ፍም መካከል ሲያልፍ፣ እዚያ ካርቦን እንጂ ኦክስጅን አያገኝም፤ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ካርቦን ጋር ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ በፍሙ ሆድ ውስጥ ኦክስጅን ቀድሞ ያለቀው ነገር ነው። “ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ” የሚለው ልማድ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። የወጣው የሚታየው ጭስ ነው፤ ቀይ ፍም የማይታየውን መሥራቱን አላቆመም።

ስንት ያህሉ ይበቃል? ከሺሕ አንድ እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት አየር ለሰዓታት ከተተነፈሰ ሰው ሊገድል ይችላል። የ700 ሞል ከሺሕ አንድ 0.7 ሞል ነው። አንድ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአንድ ሞል ካርቦን ይወጣል። 0.7ን በ12 አባዙ፤ 8.4 ግራም ካርቦን። ካነደድነው 1,200 ግራም ውስጥ ከመቶው አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከመቶ 99 በላይ የሆነው በትክክል ቢነድ፣ ያ 8.4 ግራም ብቻ ሳይሟላ ቢነድ፣ ለዚያ ክፍል በቂ ነው። በርግጥ ቤታችን ቀዳዳ አለው፣ አየር ይገባል ይወጣል፤ እሱም ነው ብዙዎቻችንን ያተረፈን። አዲስ የተሠራ፣ መስኮቱ የሚገጥም፣ ንፋስ የማያስገባ ክፍል ውስጥ ግን ይህ ስሌት ያለ ብዙ ቅናሽ ይሠራል።

ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የምትሠሩት አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። የምትተኙበትን ክፍል ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ለክታችሁ አባዙ። ያገኛችሁትን በ31 አባዙ፤ ቆላ ወርዳችሁ ባሕር ጠለል አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ በ41። ለ1,000 አካፍሉ፤ በ12 አባዙ። የሚወጣው ግራም ካርቦን ነው። ልጆቻችሁ ከጎናችሁ ተቀምጠው እያንዳንዱ ቁጥር የምን እንደሆነ እየጠሩ ይሥሩት፤ ያንን ግራም ማንደጃው ላይ ከምትጨምሩት ከሰል ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ ማንደጃው የት እንደሚያድር አብራችሁ ወስኑ።